ዝገቱ እስኪያልቅ

ሰኔ 29

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነገሩን ጨረሱት። ቤቱ ለእኔ ሆነ። የእህል ንግዱ፣ ሚዛኑና መጋዘን ውስጥ ያለው ምስር ለሐረግ። አሮጌዋ ፒክአፕ ተሸጣ ለሁለት እንድንካፈላት፣ በተሸጠች ማግስት ፍርድ ቤት ቀርበን ፍቺውን እንድንፈራረም ተባለ። ቄሱ አሳርገው ሲነሡ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ወጣ።

ሐረገ ወይን ሚስቴ ናት። "ነበረች" ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ገና አልፈረምንም።

ገዢው ይታየው የሚባል የወገዳ ነጋዴ ነው። ዛሬውኑ ይዟት ሊሄድ መጥቶ ነበር። ምንጣፉን ገልጦ ወለሏን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። "እንዲህ እንዳለች ከሆነ በብረት ዋጋ ነው የምወስዳት" አለ።

ቶሎ ብዬ "ክረምቱን ዝገቷን አስጠርጌ መስከረም ላይ ላስረክብህ" ያልኩት እኔ ነኝ።

የሐረግ ወንድም ዋሴ ተቆጣ። "ምን ያደርጋል? ዛሬውኑ ሸጠን ብንገላገልስ?" አለ። ሐረግ ግን "ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁባት መኪና ናት፤ በብረት ዋጋ አልሰጥም" አለችው። እውነቷን ነው። በአርብ ገበያ መንገድ መሪ ይዛ ገብስና ምስር የምታመላልስ ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እስከ መስከረም የማስተምረው የለኝም። እጄ ሥራ ይፈታል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሐምሌ 3

መኪናዋን ወደ ተክሌ ጋራዥ ወሰድኳት። ተክሌ እዚህ መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሠራ ባትላሜራ ነው። የተጣመመ ያቃናል፤ ዝገት የበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። ወንበሮቹን አብረን ፈታን፤ ምንጣፉን አነሣን። ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። በአንዱ ቀዳዳ ጎማው ይታያል።

ተክሌ በመዶሻው ጀርባ ከፊት ወደ ኋላ እያንኳኳ ሄደ። ደህናው ቦታ ሲመታ ይጮኻል፤ የተበላው እፍን ይላል። የታፈነውን ሁሉ በጠመኔ ከበበው። ሲጨርስ ወለሉ ሁሉ ክብ በክብ ሆኗል።

"ከላይ ሲያዩዋት እኮ ደህና ነበረች" አልኩት።

"ከላይ አይጀምርማ፣ መምህር። ጭቃው ከሥር ገብቶ እርጥቡን ይዞ ይቀመጣል። ማንም አያየውም። ሲበሳ ነው የሚታየው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"መብራት ካለ ሦስት ሳምንት።"

"ከሌለስ?"

"ከሌለማ እግዜር ያውቃል።"

ብየዳው የእሱ፣ መፋቁና ማጽዳቱ የእኔ እንዲሆን ተስማማን። ወደ ቤት ስመለስ ሰውነቴ ቀለል ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ 6

ዝናብ። መብራት የለም። የቀኙን በር ሥር በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ። ጣቴ ተላጠ። ቤት ስገባ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ የሚናገረው ሰው ምን እንደሚል አላዳመጥኩም፤ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው።

ሐምሌ 10

ሐረግ ጋራዥ መጣች። አልጠበቅኋትም። በዚያ ጭቃ የወንድሟን ቦት ጫማ አድርጋ ከከተማው ማዶ፣ ከዋሴ ቤት ድረስ ተጉዛ ነው የመጣችው።

"የእኔም ድርሻ አለባት፤ ሥራውን ልይ ብዬ ነው" አለች፤ ለተክሌ እንጂ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ትርፉን ብሩሽ አነሣችና በኋላ በኩል ገባች። እኔ በፊት በኩል ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ የሁለት ብሩሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

ድንገት "አስማረ፣ ና እስኪ!" አለችኝ።

ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ብረቱ በተሰነጠቀበት ጥግ፣ ምስር በቅሏል። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ነው። ጭቃውና ዝገቱ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ብርሃን ወዳለበት ተጣሞ ቆሟል።

"ሳናርስ ሳንዘራ!" አለች።

"ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዳይሰማ፤ የመሬት ግብር ይጠይቀናል።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ተክሌ በብየዳ መነጽሩ ሥር አይቶን ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው!

ከዚያ ሐረግ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በጣቷ ጫፍ ነካችው። "ምንም አይሆንበትም ያልነው ቦታ በቀለ" አለች ቀስ ብላ።

ብሩሼን አንሥቼ ወደ በሩ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይታ እሷም መፋቅ ጀመረች። ስትሄድ "ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምን? አሁንም ተቀምጬ እያሰብኩ አላገኘሁትም።

ሐምሌ 14

መጣች። በአርብ ገበያ መንገድ ላይ በሰው አይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ዝናብ እንደመታት ለተክሌ ነገረችው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ አህያ የሚነዱት ገበሬዎች ቀድመዋቸው ገቡ። ታስላለች። ጋቢዬን ላውስሽ ልላት አሰብኩ፤ ተክሌ ቀድሞ ካፖርቱን ሰጣት።

የግራው ወለል ግማሹ ተበየደ።

ሐምሌ 17

ዋሴ መንገድ ላይ አገኘኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱን ስለሚወድ ነው የሚጮኸው።

"መምህር፣ ይሄ ሥራ አያልቅም እንዴ?"

"መብራት የለም" አልኩት።

"የለም?"

"የለም።"

ትናንት ከሰዓትም ዛሬም መብራት ነበር። ትዝ ያለኝ ከተለያየን በኋላ ነው።

ሐምሌ 21

ሻይ ቤት ገብቼ ከመጋረጃው በዚህኛው በኩል ተቀመጥኩ። በዚያኛው በኩል ያሉት አላዩኝም።

"መምህሩ ምስኪን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታገሣት።"

"ሌላ ሰው ቢሆን በሦስት ዓመቱ ይሸኛታል።"

"አሁንማ የምትወልድለትን ያገባል።"

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ስወጣ አዩኝና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ኖር" አሉኝ። "በእግዜር" አልኩ።

ሐምሌ 25

እናቴ ከስማዳ መጣች። ሰባ ዓመት አልፏታል። አረሙን ለሰው ሰጥታ፣ እስከ ወገዳ በእግሯ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ቤት ስታጣኝ ጠይቃ ጋራዥ ድረስ መጣች።

ሐረግ ዛሬ መጥታ ነበር። ከኋላ ካሶኒው፣ ጭነት መጫኛው ላይ ሆና ጥጉን ትፍቃለች። እናቴን ስታይ ወዲያው ወርዳ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። እናቴ ጉልበቷን ሰበሰበች።

"ተለያያችሁ አልተባለም እንዴ? ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?" አለችኝ።

"ድርሻዬን ልሥራ ብዬ ነው፣ እማማ" አለች ሐረግ።

እናቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ለማንም ሳይሆን ለሁላችን ተናገረች። "የፋንቱ ዘር በእኔ ላይ ይቁም ወይ?" አለች። ፋንቱ እሷው ናት፤ ስሟን እንዲህ የምትጠራው ሆዷ ሲብስ ነው። ያልወሰደቻት ጠበል የለም፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። "የደረቀ ማሕፀን ይዘሽ የልጄን ዕድሜ በላሽው። አሁን እንኳን ልቀቂው። ለልጄ ያየሁለት ልጅ አለች፤ ወላጆቿም እሺ ብለውናል።"

ተክሌ የብየዳውን ማሽን አጠፋ።

ሐረግ እኔን አየችኝ። እናቴን አይደለም፤ እኔን።

እኔ በዚያ ሰዓት የበሩን ማጠፊያ እየፋቅሁ ነበር። ጠንካራ ዝገት ነበር። ያዝኩት፤ መልቀቅ አልቻልኩም።

ቀና ስል ካሶኒው ላይ ማንም የለም። ብሩሹን በሥርዓት ጎማው ላይ አስቀምጣው ሄዳለች።

ሐምሌ 26

እናቴ ዛሬ ተመለሰች። አውቶቡስ ላይ ሳሳፍራት "ከፍልሰታ በኋላ ልጅቱን እንድታይ" አለችኝ። "እሺ" አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

የእናቴ ጥፋት አይደለም። የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ደብረ ታቦር ሄደን ተመርምረናል። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ በደንብ አስረዳን። ስንመለስ ሐረግ ናት የነዳችው። የጉናን ቁልቁለት ጨረስን። ከዚያ መሪውን እንደያዘች "የቤታችን ነገር ነው፤ ለማንም አንናገርም" አለች። እኔ ለምኛት አይደለም። ራሷ ናት ያለችው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠበል ስትወስዳት ሄደች፤ ጎረቤት ሲያዝንላት "የእግዜር ፈቃድ" አለች። ስምንት ዓመት።

ሐኪሙ ምን እንዳለ እዚህ ላይ አልጽፈውም። ደብተር ሰው እጅ ይገባል።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐረግ አልመጣችም። ታስቀድሳለች ይላሉ።

ነሐሴ 5

ተክሌ ወለሉን ጨረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አልጠፋም፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። "ፀረ ዝገቱን እንቀባለን፣ በላዩ ቀለም፣ ከዚያ ምርቃት ነው" እያለ ይስቃል። ከነሐሴ ግማሽ በፊት ታልቃለች።

እኔም ሳቅሁ።

ነሐሴ 7

ከቀኝ የኋላ ጎማ በላይ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ። ትንሽ ናት። በፊት እንዴት እንዳለፈችን ይገርማል። ተክሌን አሳየሁት። አየኝና "እሺ" አለ።

ነሐሴ 9

ሌላ። በግራው በኩል፣ ከመብራቱ ሥር። ለዋሴ ላክሁበት፤ ገና ነው ብላችሁ ንገሩት አልኩ። ለሐረግም እንዲነግራት።

ነሐሴ 11

ዛሬም አንድ። ተክሌ ጎንበስ ብሎ አየና መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

"መምህር፣ አይቆጡኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ዝገት የበላው ቀዳዳ ዳሩ ቡናማ ነው። ይሳሳል፣ ይሸራረፋል። ይኸ ግን ዳሩ ያብለጨልጫል።"

"ካቻቢቴው አምልጦኝ ይሆናል" አልኩት። ብሎን የምፈታበት ነው፤ ቀዳዳው አጠገብ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

"ሦስት ጊዜ?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።

"እደፍነዋለሁ" አለ ተክሌ። "ለማንም አልናገርም። ግን ከዚህ በኋላ እንቀባት። ብረቷም ሰው ባትሆንም ታሳዝናለች።"

ካቻቢቴው አምልጦኝ ነው።

ነሐሴ 14

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፍ።

ሐረግ ከቅዳሴ መልስ መጣች። ነጭ ለብሳለች፤ በጾም ብዛት ጉንጯ ገብቷል። ተክሌ ገና አልመጣም፤ በዓልና ጾም ላይ አርፍዶ ነው የሚገባው። "ገና ነው ብለህ ልከህብኛል፤ ምኑ ነው ገናው?" አለችኝ።

አሳየኋት። ከጎማው በላይ ያለውና ሦስተኛው ተደፍነዋል። ከመብራቱ ሥር ያለው አልተደፈነም። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን ዳሩ ላይ አሳለፈች።

"ይሄ ዝገት የበላው አይደለም" አለች።

"ብረቱን ስፈትሽ ነው።"

"አስማረ።"

ስሜን ስትጠራ ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋ ጭቃ ሲነካ ግድ ሳይላት ጎማው ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ከሐምሌ ጀምሮ በዚህ ጭቃ የምመላለሰው ለምን ይመስልሃል? ብረት ልፍቅ? ዋሴ በየቀኑ ይቆጣኛል። 'ምን ትሠሪያለሽ እዚያ' ይለኛል። የምነግረው የለኝም። አንድ ቃል እስክትል ነበር። 'ሐረግ ቤትሽ ግቢ' ብትል፣ ወይ 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ብትል፣ ምን ቢሆን፣ አንድ ቃል።"

"ሐረግ፣ እኔ..."

"ያን ቀን እናትህ እፊትህ ተቀምጠው ሲናገሩኝ አየሁህ። አሁን ይናገራል አልኩ። የምሰማው የብሩሽህን ድምፅ ብቻ ሆነ። ስምንት ዓመት የተሸከምኩልህ አልከበደኝም፤ እመነኝ አልከበደኝም። ያን ቀን ግን ከበደኝ።"

አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው የምለው፣ ከፈትኩ። ትንሽ ብትጠብቀኝ።

ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። "ሐምሌ ላይ ብትጠይቀኝ ቀዳዳውን አብሬህ እበሳልህ ነበር" አለች። "አሁን ቀለሙ ይቀባ። መስከረም ላይ ትሂድ።"

ሄደች። ተክሌ ሲመጣ ያለሁበት ቆሜ ነበር። የመጨረሻውን ቀዳዳ ደፈነው።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ከዋሴ ቤት በግ አርደው የድርሻዬን ልከውልኛል። ያመጣችው የጎረቤት ልጅ "እትዬ ሐረግ ናት የላከችው" አለችኝ። ሳልበላው ዋለ።

ነሐሴ 20

እናቴ ሰው ልካለች። የልጅቱ ወላጆች እየጠበቁ ነው።

ነሐሴ 22

ነገ ስማዳ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 24

ትናንት ወገዳ ከአውቶቡስ ወርጄ ሁለት ወንዝ ተሻግሬ ሄድኩ። ሁለተኛው ሞልቶ ስለነበር ገበሬዎች እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ገብሱ ማሸት ጀምሯል፤ የባቄላው አበባ ይሸታል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ ይመስለኛል።

እናቴን ከጓሮ ድንች ስትቆፍር አገኘኋት። ስታየኝ ደስ አላት። ጭቃማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ልጅቱን ልታይ መጣህ? እሰይ!"

"አይደለም፣ እማ። ቁጭ በይ።"

"ቁጭ ብዬ አይደል?" እውነትም ቁጢጥ ብላ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋኝ። "የማልወልደው እኔ ነኝ" አልኳት።

ድንች ከጭቃው አወጣች፤ አፈሩን ጠረገች፤ ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠች። ሌላም አወጣች። አልሰማችኝም ብዬ ልደግመው ስል እጇ ቆመ።

"ማን አለ?"

"ሐኪም። ደብረ ታቦር።"

"መቼ?"

"ስምንት ዓመት ሆነው።"

"እሷስ ታውቃለች?"

"አብራኝ ነበረች። ከእኔ እኩል ነው የሰማችው።"

እናቴ መቆፈሪያውን ተደግፋ ልትነሣ ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች። ላነሣት ስጠጋ ክንዴን ገፋችው።

"እያወቀች ነው ዝም ብላ የሰማችኝ?" አለች። "በክረምት፣ በበረዶ፣ በሌሊት ቀስቅሼ እየወሰድኩ ጠበል ሳስነክራት፣ እያወቀች ነው ከእኔ ጋር የተንቀጠቀጠችው?"

"አዎ።"

"አንተም ታውቃለህ?"

አንድ ድንች ከጭቃው አንሥቼ ቅርጫቷ ውስጥ ከተትኩ።

እናቴ አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ከሩቅ ያለ ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት እንደሚታየው ነው ያየችኝ። ከዚያ "ድንቹን ይዘህልኝ ግባ" አለችኝ፤ ይዤላት ገባሁ። ማታም እራት አቀረበችልኝ፤ አልጋ አነጠፈችልኝ። አንድም ጊዜ "አስሜ" አላለችኝም።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ ቤት የለችም። ጎረቤቶቿ ገና ጎሕ ሲቀድ በትሯን ይዛ ወደ ወገዳ መንገድ ስትወርድ አይተዋታል። ተከትያት ወረድኩ፤ አልደረስኩባትም፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። የተመለስኩት በጭነት መኪና ነው። መካነ ኢየሱስ ስደርስ ዋሴ ቤት ደርሳ ተመልሳ ሄዳለች አሉኝ።

ጳጉሜ 2

ቀለሙ ተቀባ። ነጭ። አዲስ ትመስላለች፤ ተክሌ ራሱ ዞር ዞር እያለ ያያታል። "ከዚህ በኋላ ሌላ አሥር ዓመት ትሠራለች" አለኝ።

ትሠራለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ሥራው መልካም ነው።

መስከረም 2

ዓመቱ ተለወጠ። እንኳን አደረሰህ ሊሉ የመጡ ነበሩ፤ ቶሎ ቶሎ ሄዱ። ነገሩ በከተማው ተሰምቷል። እናቴ ዋሴ ቤት ሄዳ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ግን በር ላይ ቆማ ነው የተናገረችው፣ መንደሩ እየሰማ። ሻይ ቤት ስገባ ዛሬም ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የፈራሁት ይህን ነበር። ሲደርስ ያን ያህል አይደለም። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ ያን ያህል አለመሆኑ።

መስከረም 9

ይታየው ልኳል። ቅዳሜ ወገዳ አምጡልኝ ብሏል። ሐረግ "እኔ እነዳታለሁ" ብላለች አሉ።

መስከረም 12

ዛሬ አስረከብናት።

ጠዋት ሐረግ ጋራዥ መጣች። ለተክሌ ጨው የመሰለ ነጭ ማር በቅል ይዛለት ነበር። መሪውን ያዘች፤ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ወጥቷል፤ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው። ሞተሩን እያዳመጠች፣ ጉድጓዱን እየሸሸች፣ ቀስ ብላ ነዳች። መንገዱን ሙሉ ስለ መኪናዋ ብቻ አወራን፤ ማርሹ ለሁለተኛ እንደሚያስቸግር ለይታየው መንገር አለብን ተባባልን።

ይታየው ወለሉን አየ፣ በሮቹን ከፍቶ ዘጋ፣ "እጃችሁ ይባረክ" አለ። ምሳ ጋበዘን። ቁልፉን ያቀበለችው ሐረግ ናት። ስትሰጠው አንድ ጊዜ ኮፈኑን በመዳፏ ነካችው፤ ከዚያ ዞር ብላ አላየችም።

ለመመለስ አውቶቡስ ያዝን። ሌላ ቦታ አልነበረምና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማውን እንደወጣን ተናገረች።

"እናትህ መጥተው ነበር።"

"ሰማሁ። ምን አለችሽ?"

"እግሬ ላይ ወደቁ። በዚያ ዕድሜያቸው! ቶሎ አነሣኋቸው። አብረን አለቀስን።" ወደ መስኮቱ ዞረች። "'ልጄ ነው የነገረኝ፣ ራሱ' አሉኝ። ደስ ብሎኛል፣ አስማረ። እውነቴን ነው።"

"ሐረግ፣ ቤትሽ ግቢ" አልኳት። ወጣልኝ። ሰው በሞላበት አውቶቡስ፣ ፊት ለፊታችን ዶሮ የታቀፉ ሽማግሌ እየሰሙ፣ ወጣልኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ቤትሽ ግቢ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም። ሽማግሌው ዶሮዋን አስተካክለው ፊታቸውን አዞሩ።

"ይህን ብሰማ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ መሰለህ" አለች በመጨረሻ። "አሁን ሰማሁት። ልቤ ግን አልተመለሰም። ልዋሽህ አልችልም። እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሆነ ቀን ላይ አልቆብኛል።"

"ቆይቶም ቢሆን?"

"አርብ ገበያ ቤት ተከራይቻለሁ። ንግዱን እዚያው እይዛለሁ።" ከዚያ እጄን ያዘች፤ ጥቂት ይዛው ለቀቀችው። "አንተ ክፉ አይደለህም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ድሮ ሄጄ ነበር።"

መንገዱ ይንጠናል። ጠዋት ከጨለማ ጀምራ የተነሣች ናትና እንቅልፍ ጣላት፤ ጭንቅላቷ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ መስኮቱ ተንገዳገደና ትከሻዬ ላይ አረፈ። አልተንቀሳቀስኩም። እግሬ ደነዘዘ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ በግራ እጄ አወጣሁለት። ሽማግሌው አዩንና "ቤተሰብ ናችሁ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "አዎን" አልኳቸው።

መናኸሪያው ስንደርስ ረዳቱ በሩን ደበደበ። ነቃች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"እንቅልፍ ጣለኝ እንዴ?"

"ደክሞሽ ነው።"

ዋሴ ሊቀበላት ቆሞ ነበር። በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ፤ እኔም አልኩት። ዘንቢሏን ሰጠሁት። ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመለሰችና አጠገቤ ቆመች።

"ሰኞ ጠዋት ነው ፍርድ ቤቱ። ነገ እሑድ ስለሆነ" አለች። "አትዘግይ፣ እሺ?"

"አልዘገይም" አልኳት።